ከገርጂ ወጥተን የት እንግባ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለዓምዱ አዘጋጆች። ገርጂ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ከባለቤቴ፣ ከአማቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር እንኖራለን። ትልቋ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍልን ትጨርሳለች፤ ትንሹ አራት ዓመቱ ነው። ባለቤቴ ዱከም ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፣ ጠዋት ሰርቪስ ይወስደዋል። እኔ ቦሌ አንድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ነኝ፣ 2፡30 መግባት አለብኝ። መኪና የለንም። የኪራይ ውላችን ክረምት ላይ ያልቃል፣ አከራያችንም ቤቱን ለራሳቸው ስለሚፈልጉት አያድሱልንም። ልጆቹ የሚሮጡበት ግቢ ያለው ቤት እንፈልጋለን። ባለቤቴ ቢሾፍቱ ይላል። እህቴ ሱሉልታ አየሩ ንጹሕ ነው ትላለች። አንድ ዘመዳችን ደግሞ ለገጣፎ ዳር 200 ካሬ ቦታ በውል እንድንገዛ አግኝቶልናል፣ ያጠራቀምነው ብር ይበቃዋል። በ2005 ዓ.ም. የተመዘገብንበት ኮንዶሚኒየምም ገና አልደረሰንም። የቱ ይሻለናል?» የሁለት ልጆች እናት፣ ከገርጂ

መልስ፦

እህታችን፣ ከሁሉ በፊት ስለ ቦታው፦ ቀብድም ቢሆን አይክፈሉ። ምክንያቱን ወደ ኋላ በዝርዝር እናመጣዋለን። እስከዚያው ዘመድዎ ቢያጣድፍዎ «ክረምቱ ይውጣ» ብለው ያቆዩት።

ወደ ከተሞቹ እንምጣ። ከአዲስ አበባ የሚወጡት ዋና መንገዶች አምስት ናቸው፤ የዙሪያው ከተሞች ሁሉ በእነዚህ ላይ የተሰካኩ ናቸው። ቡራዩና ሆለታ በአምቦ መንገድ፣ ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ፣ ለገጣፎና ሰንዳፋ በደሴ መንገድ፣ ገላን፣ ዱከምና ቢሾፍቱ ደግሞ በአዳማ መንገድ። አንዱ በር ላይ ቤት ይዘው በሌላው በር የሚሠሩ ሰዎች በየቀኑ ከተማውን ሙሉ ለሙሉ ያቋርጣሉ። ስለዚህ ስለ ሐይቁና ስለ አየሩ ከማውራት በፊት ሁለታችሁም የምትሠሩበት በር የትኛው እንደሆነ ማየት ይቀድማል። የእናንተ ግልጽ ነው፤ ባለቤትዎ በአዳማ መንገድ ላይ ነው ያለው፣ እርስዎም ቦሌ ስለሆኑ ከደቡብና ከምሥራቅ መግባት ይቀናዎታል።

በዚህ ሚዛን ሱሉልታ ወዲያው ይወድቃል። እህትዎ ስለ አየሩ ትክክል ናቸው፤ ሯጮች ለልምምድ የሚመርጡት ቦታ ነው። ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል፤ አማትዎ ቁርጥማት ካለባቸው እዚያ ክረምት ማሳለፍ ይከብዳቸዋል። ወደ አዲስ አበባ የሚያስገባው መንገድ እንጦጦን ተሻግሮ በጠመዝማዛ ቁልቁለት አዲሱ ገበያ ላይ ይወርዳል። ጠዋት ጉም ሲይዘው፣ ወይም አንድ የጭነት መኪና ሲበላሽበት፣ ሁሉም ሰው ቆሞ ይቀራል። ባለቤትዎ ደግሞ ከሰሜን ገብቶ ከተማውን ሰንጥቆ በደቡብ መውጣት ሊኖርበት ነው። ይህን ማንም ዓመት ሙሉ አይችለውም።

ለገጣፎ ለእርስዎ ለብቻዎ ቢሆን መጥፎ አልነበረም። ከአያት ቀጥሎ ያለ ነው፣ ወደ ቦሌም ከሱሉልታ በጣም የተሻለ መግቢያ አለው፤ ግቢ ያላቸው ቤቶችና የታጠሩ የመኖሪያ መንደሮችም አሉበት። የባለቤትዎ ሰርቪስ ግን በዚያ በኩል ላያልፍ ይችላል። ይጠይቁ፤ ከሌለ ጠዋት ጠዋት ከለገጣፎ ቃሊቲ መድረስ ለእሱ ሌላ የሥራ ቀን ነው። በነገራችን ላይ የለገዳዲ ግድብ እዚያው ስለሆነ «የውሃ ችግር የለም» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ አትመኑት። ግድቡ የተሠራው አዲስ አበባን ለማጠጣት ነው፤ አጠገቡ መኖር ቧንቧ አያስገባም።

የቀረው ቢሾፍቱ ነው፣ ብዙ የምንለውም በእሱ ላይ ነው።

ለባለቤትዎ ቢሾፍቱ ማለፊያ ነው። ከዱከም 10 ኪሎ ሜትር ግድም ናት፣ የሚሄደውም ከአዲስ አበባ በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። አንድ ነገር ብቻ ያጣራ፦ የፋብሪካው ሰርቪስ በቢሾፍቱ በኩልም መስመር አለው ወይስ የሚነሳው ከአዲስ አበባ ብቻ ነው? ባይኖረውም ሚኒባስ አያጣም።

ችግሩ የእርስዎ ጉዞ ነው። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ሰው ይህን ሲሰማ «በፈጣን መንገዱ ሠላሳ ደቂቃ» ይላል። እውነት ነው፣ መኪና ያለው ሰው ከቢሾፍቱ መግቢያ እስከ ቱሉ ዲምቱ ክፍያ ጣቢያ ያለውን በዚያ ሰዓት ሊጨርሰው ይችላል። ጉዞው ግን እዚያ አያልቅም። መኪና ለሌለው ሰው ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ከቤት እስከ ዋናው መንገድ ባጃጅ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ሰልፍና መኪናው እስኪሞላ ከ15 እስከ 20፣ እስከ ቃሊቲ አንድ ሰዓት (በአሮጌው መንገድ በገላንና በአቃቂ ከመጣ ከዚያም ይበልጣል፤ የጭነት መኪናው ብዙ ነው)፣ ከቃሊቲ ቦሌ ደግሞ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት። 2፡30 ጠረጴዛዎ ላይ ለመገኘት 12 ሰዓት ሳይሞላ ከቤት መውጣት አለብዎት። 11፡30 ላይ ከሥራ ሲወጡ ቤት የሚደርሱት ከምሽቱ 2 ሰዓት ግድም ነው። የአራት ዓመት ልጅ በዚያ ሰዓት ይተኛል። ለልጆቹ ብለው የተከራዩት ግቢ ውስጥ እርስዎ ልጆቹን በቀን ብርሃን የሚያዩት ቅዳሜና እሑድ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። በወር 22 የሥራ ቀን፣ በቀን ስድስት ጊዜ መሳፈር (ሦስት ሲሄዱ፣ ሦስት ሲመለሱ)፣ በድምሩ 132 ጊዜ ነው። እያንዳንዱን በዛሬው ታሪፍ ያባዙትና ከኪራዩ ላይ ተረፈ ካሉት ብር ይቀንሱት። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሳያሰላ ይወጣና በስድስተኛው ወር ይመለሳል።

ስለዚህ የእናንተን ጉዳይ የሚወስነው ከከተማው ይልቅ የእርስዎ ባንክ ነው። ባንኮች ዱከምና ቢሾፍቱ ቅርንጫፍ አላቸው። የእርስዎም ካለው፣ ቤት ከመፈለግዎ በፊት ወደዚያ ዝውውር ይጠይቁ። ሦስት ነገር ይወቁ፦ በዋና መሥሪያ ቤት የሚያገኙት አበል ወይም ደረጃ ይነካል ወይ፣ ቅርንጫፉ ላይ ክፍት መደብ አለ ወይ፣ ዝውውሩ በስንት ጊዜ ይፈጸማል። «እናይልሻለን» የሚለው የቃል ተስፋ አይቆጠርም። በተለይ በክረምት መጨረሻ፣ አዲሱ የበጀት ዓመት ተጀምሮ ሁሉም ሰው ዝውውር በሚጠይቅበት ጊዜ፣ የቃል ተስፋ ብዙ ወር ይቆያል። ደብዳቤው በእጅዎ ከገባ ቢሾፍቱ ግቡ፤ ሁለታችሁም ልጆቹ ካሉበት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ትሆናላችሁ። ትምህርት ቤት «ልጃችሁ ትኩሳት ይዞታል» ብሎ ሲደውል ማን፣ በስንት ደቂቃ ይደርሳል? ለልጆች ይመቻል የሚባለውን ሰፈር በዚህ ጥያቄ ነው የምንለካው።

ዝውውሩ ካልተገኘ ደግሞ ቢሾፍቱን ተዉትና እዚያው በር ላይ፣ ወደ ከተማው ጠጋ ብላችሁ ፈልጉ፦ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ አቃቂ። ባለቤትዎ ጠዋት ወደ ውጭ ስለሚሄድ መጨናነቁ በሌላኛው በኩል ነው፤ እርስዎም በጎሮ በኩል ወደ ቦሌ መግባት ይችላሉ። ግቢ ያለው ቤት ማግኘቱ ያስቸግራል፣ ኮንዶሚኒየሙ ይበዛል። ቢሆንም አንድ ሰዓት ተኩል በየቀኑ ይተርፍልዎታል። እዚህ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ አንድ ነው። አዲስ አበባና ኦሮሚያ በ2014 ዓ.ም. የወሰን ስምምነት ካደረጉ ወዲህ በከተማው ዳር ያሉ አንዳንድ ሰፈሮች የሚተዳደሩበት ተለውጧል። ቤቱ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንዳለ ደላላውን ትተው ወረዳው ላይ ይጠይቁ፤ የመታወቂያውም የትምህርት ቤቱም ጉዳይ ከዚያ ይመጣል።

የትኛውንም ቢመርጡ ከመፈራረም በፊት ጉዞውን ይሞክሩት። ሁለት ቀን ይበቃል፣ ሰኞ ጠዋትና ዓርብ ማታ። እሑድ ማታ እዚያ አካባቢ ያድሩና ሰኞ ከዚያው ተነሥተው ሥራ ይግቡ። አምስት ሰዓቶችን ይጻፉ፦ ከበር የወጡበት፣ ሰልፍ የያዙበት፣ የተሳፈሩበት፣ ቃሊቲ የወረዱበት፣ ቢሮ የተቀመጡበት። ዓርብ ማታ ደግሞ ወደ ቢሾፍቱ የሚወጣው የመዝናኛ ሰው ከሠራተኛው ጋር ስለሚደራረብ መጥፎውን ቀን ያያሉ። ቅዳሜ ቀን በሚኮናተር መኪና ሄዶ ቤት አይቶ መመለስ ግን ስለ ጉዞው ምንም አይነግርዎትም።

አሁን ትምህርት ቤት። የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ በቢሾፍቱ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ በእሱ ያስተምራሉ፣ በአማርኛ የሚያስተምሩም አሉ፤ የግሎቹ ደግሞ እንደየትምህርት ቤቱ ይለያያሉ። ወደ ግል ትምህርት ቤት ስትሄዱ «አማርኛ አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «አዎ» ይሏችኋል፣ አንድ የትምህርት ዓይነት ሆኖም አለ ማለት ሊሆን ይችላል። «ሦስተኛ ክፍል ሒሳብና አካባቢ ሳይንስ በምን ቋንቋ ነው የሚሰጠው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ የተማሪ ደብተርም ለማየት ጠይቁ። በክልሉ ስትማር የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተናዋ የክልሉ እንጂ የአዲስ አበባ አይሆንም፤ ይህን አሁኑኑ ማሰብ አለባችሁ፣ 6ኛ ክፍል አራት ዓመት ብቻ ነው የቀራት።

አፋን ኦሮሞ እንደ አንድ ትምህርት ሊጨመርባት ይችላል፤ ይህ ለልጅቱ ሀብት ነው፣ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ግን ይፈትናታል። ሦስተኛ ክፍል የምትገባ ልጅ ፊደሉን ጨርሳ በእንግሊዝኛ ማንበብ ገና እየለመደች ነው። የአፋን ኦሮሞ መጻፊያ የሆነው ቁቤ ያው የላቲን ፊደል ሆኖ ድምፁ ሌላ ነው። በእንግሊዝኛ «ከ» ወይም «ሰ» ብላ የለመደቻት «ሲ» በቁቤ «ጨ» ናት፤ ጨፌ የሚለው ቃል የሚጀምረው በእሷ ነው። «ኤክስ» ደግሞ «ጠ» ናት፤ ጤፍ በኦሮምኛ ጣፊ ነው፣ ሲጻፍ በ«ኤክስ» ይጀምራል። ልጅቱ በሁለቱ መካከል ስትደናገር መምህሯ «ሰነፍ» እንዳይሏት አስቀድማችሁ ንገሯቸው። በክረምቱ ሦስት ቀን በሳምንት፣ በቀን 40 ደቂቃ የሚያስጠና ተማሪ ከሰፈሩ ፈልጉላት፣ የመንገድ ላይ ጽሑፎችን እያነበበች ትለምደዋለች። ስለ ትንሹ አታስቡ፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲጫወት እናንተን ቀድሞ ይናገረዋል።

የትምህርት ቤቱ ርቀት በእግር ከ15 ደቂቃ አይለፍ፣ ዋናውን አስፋልትም አያሻግር። በቢሾፍቱ የድሮው የአዳማ መንገድ መሃል ከተማውን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ቤቱ በአንዱ በኩል፣ ትምህርት ቤቱ በሌላው በኩል ከሆነ አማትዎ ልጆቹን እጃቸውን ይዘው በየቀኑ ያን ጎዳና መሻገር አለባቸው። ከገርጂው ትምህርት ቤት የሪፖርት ካርዷንና መልቀቂያዋን ሰኔ ላይ ውሰዱ፤ ነሐሴ ላይ ርዕሰ መምህሩም ማህተሙም አይገኙም። ክፍያ ካለባችሁ ሳይጠናቀቅ መልቀቂያ አይሰጡም።

ቤቱን ራሱ ስታዩ ክረምት መሆኑ ጠቅሟችኋል። ቢሾፍቱና ዱከም ሜዳው ብዙው ዋልካ ነው። ዋልካ አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ ከሥር ተቆፍሮ ወጥቶ በተመረጠ አፈር ካልተተካ ከላዩ ያለውን ቤት በየዓመቱ ያነሣዋል፣ ይጥለዋል። ምልክቱ ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ ሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ነው። ቀጭን የልስን ስንጥቅ አያሳስብም፤ የአንድ ብር ሳንቲም ጠርዝ የሚገባበት ከሆነ ግን ግንቡ ራሱ ተንቀሳቅሷል። በሮቹን ሁሉ ክፈቱና ዝጉ። በክረምት የሚነክስ በር፣ ወይም ከታች በመላጊያ የተፋቀ በር፣ ከስንጥቁ ጋር አንድ ወሬ ነው የሚያወራው። አንድ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባም ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ዝናብ በዘነበ ማግስት ደግሞ ከአስፋልት እስከ ግቢው በእግር ሂዱ። ባጃጅ የማይገባበት ጭቃ ከሆነ ሦስት ወር ሙሉ ልጆቹን ማን ነው የሚያሻግረው?

ውሃ። ጎረቤቱን (አከራዩን አይደለም) ጠይቁ፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት ይመጣል? አምስት ሰው በቀን በሰው 40 ሊትር ቢቆጠር 200 ሊትር ነው። ውሃው በአምስት ቀን አንዴ ከመጣ 1,000 ሊትር ያስፈልጋል፤ አንድ ተራ ሲዘለል እንዳትጠሙ 2,000 ሊትር ሮቶ ይኑር። ሮቶው ማማ ላይ ተሰቅሎ ሳለ ባዶ የሚያድርበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ግፊት ነው፤ ውሃው ሌሊት ይመጣል፣ ወደ ላይ ግን አይወጣም። እንዲህ ባለ ቤት መሬት ላይ አንድ መቀበያ ሮቶና ትንሽ ፓምፕ ያስፈልጋል። ማን እንደሚገዛው ውሉ ላይ ይጻፍ።

አንዳንድ ግቢ «የራሳችን ጉድጓድ አለን» ይሏችኋል። ለልብስና ለሽንት ቤት ጥሩ ነው። ለመጠጥ ግን ሳይመረመር አትጠቀሙበት። በስምጥ ሸለቆና በአፋፉ ላይ ባሉ አካባቢዎች የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ያለፈውን እየጠጣ የሚያድግ ልጅ ቋሚ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይበቅላል፣ ታጥቦም አይለቅም። ጥርሱ ድድ ውስጥ የሚሠራው እስከ ስምንት ዓመት ድረስ ባለው ጊዜ ስለሆነ የሚያሳስበን ትንሹ ልጅዎ ነው። ውሃውን ማፍላት አይረዳም፣ እንዲያውም ሲተን የቀረው ይጠነክራል። የተለመደው የሸክላ ማጣሪያም አያወጣውም። አንድ ሊትር ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ይዛችሁ ላቦራቶሪ አስመርምሩት።

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ ዝቅ ብላ 1,900 ሜትር ላይ ስለሆነች ወባ አለ፣ አዲስ አበባ ያደጉ ልጆች ደግሞ አልለመዱትም። ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ አጎበር ለሁሉም አልጋ ይኑር፤ ትኩሳት ሲመጣ «ጉንፋን ነው» ሳትሉ በዚያው ቀን ደም አስመርምሩ። ከረግረጉና ከሐይቁ ዳር ራቅ ያለ ቤት መምረጡም ይረዳል፣ ውብ ቢሆንም። መብራቱ የራሱ ቆጣሪ ይኑረው፤ ታሪፉ ፍጆታ ሲጨምር የኪሎዋት ሰዓት ዋጋውም ስለሚጨምር ሦስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም በውዱ እርከን ይከፍላል። በዱከምና በገላን በኩል የምታዩ ከሆነ ደግሞ በምሽት ሂዱ፣ የፋብሪካ ጭስና ሽታ በቀን ጉብኝት አይታወቅም። በቢሾፍቱ የአየር ኃይል አውሮፕላን ድምፅ አለ፤ ሕፃናት በሳምንት ይለምዱታል፣ አማትዎ ላይለምዱት ይችላሉ። የኢሬቻ ሰሞን፣ በመስከረም መጨረሻ ግድም፣ ሆራ አርሰዲ ዙሪያና ወደ ከተማው የሚያስገባው መንገድ በሰው ስለሚሞላ በዚያ እሑድ ጉዞ አትያዙ።

አሁን ወደዚያ 200 ካሬ እንመለስ። «በውል» ማለት ብዙውን ጊዜ ገበሬው ወይም ከገበሬው የገዛ ሰው በሦስት ምስክር ፊት የሚፈርምላችሁ ወረቀት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። ገበሬው የመጠቀም መብት አለው እንጂ የሚሸጥላችሁ ነገር የለውም። ለዚህ ነው ወረቀቱ አንዳንዴ «ብድር»፣ አንዳንዴ «ስጦታ»፣ አንዳንዴ «የ30 ዓመት ኪራይ» ተብሎ የሚጻፈው። ቤት ተሠርቶበት ቢሸጥም ነገሩ ያው ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ይጠይቃል። የሰፈር ምስክር ይህን አይተካም። ዋጋው የረከሰው አደጋው ወደ ገዢው ስለተላለፈ ነው። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ለገጣፎ ለገዳዲ ውስጥ ሕገወጥ ተብለው ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ፣ ውል ይዘው የቆሙት ሰዎች ወረቀታቸው አላዳናቸውም። «መብራት ገብቷል፣ ግብርም እየከፈልን ነው» የሚለው ማስረጃም ካርታ አይሆንም። ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንባችሁ።

መግዛታችሁ ካልቀረ፣ ካርታ ያለውን ብቻ እዩ። የካርታውን ቅጂ ተቀብላችሁ ራሳችሁ መሬት አስተዳደር ሂዱ፤ ሻጩ የሚያቀርብላችሁ «እዚያ የሚሠራ ሰው» አይቆጠርም። ፋይሉ መኖሩን፣ ስሙና ካሬው መመሳሰሉን፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት፣ የሊዝ ቀሪ ክፍያ ካለ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን በአዲስ አበባ ዙሪያ በተቋቋመው የኦሮሚያው ሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉ ወዲህ ፋይሎች ቦታ ቀይረዋል፤ የድሮው ማዘጋጃ ቤት የሰጠው ካርታ በአሁኑ ክፍለ ከተማ መታወቁን አረጋግጡ። ሻጩ ያገባ ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርሙ፤ «አላገባሁም» ካለ የያላገባ ማስረጃ ያምጣ። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ወካዩ በሕይወት መኖሩን ማወቅ አለባችሁ፣ ወካዩ ሲሞት ውክልናው አብሮት ይሞታል። አቡሴራ በቢሾፍቱ በኩል ለአዲሱ ትልቅ አየር ማረፊያ ከተመረጠ ወዲህም «ዋጋው ነገ ይወጣል» የሚል ደላላ በዝቷል። የሚያጣድፍ ሻጭ ወረቀቱ እንዲታይ የማይፈልግ ሻጭ ነው።

የእኛ ሐሳብ ዘንድሮ ተከራዩ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በሚሠራባቸው ከተሞች ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ከሁለት ዓመትም አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር አይበልጥም። ስድስት ወር ወይም ዓመት በቅድሚያ የሚጠይቅ አከራይ ሲያጋጥማችሁ አዋጁን ጠቅሳችሁ ተከራከሩ። ውሉ ላይ ሦስት ነገር አስገቡ፦ የእርስዎ ዝውውር ቢቀር ወይም ቢሻር በስንት ቀን ማስታወቂያ መውጣት እንደምትችሉ፣ የሮቶና የፓምፕ ጥገና በማን እንደሆነ፣ ስንጥቁ ከመግባታችሁ በፊት የነበረ መሆኑን። የስንጥቁን ፎቶ ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ አንሡና አከራዩ ጋር ላኩት።

የቀረው መሸኛ ነው። ቢሾፍቱ ሄዶ የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ከገርጂው ወረዳ መሸኛ ይጠየቃል፤ መሸኛ ሲወጣ ደግሞ የአዲስ አበባ ነዋሪነታችሁ ይዘጋል። የኮንዶሚኒየም ምዝገባው በማን ስም እንደሆነ እዩ፤ ቁጠባው እየተከፈለ ከሆነ፣ ነዋሪነት ሲቀየር ምን እንደሚሆን የአዲስ አበባን የቤቶች ልማትና አስተዳደር ቢሮ ሳትጠይቁ የተመዘገበው ሰው መሸኛ አይውሰድ። ለልጆቹ ትምህርት ቤት የሚጠየቀው የአንዳችሁ መታወቂያ ከሆነ ሌላችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። የገርጂውን ቁልፍ ደግሞ የምታስረክቡት አዲሱ ቤት ውስጥ አንድ ሌሊት አድራችሁ ውሃው ሮቶው ውስጥ ሲገባ በጆሯችሁ ከሰማችሁ በኋላ ይሁን።